ነጠላና ካሜራ፤ በላስታ ፎቶግራፎች ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ላሊበላና ስለ ላስታ ደጋ የተነሡትን ፎቶግራፎች፣ በመጻሕፍት የታተሙትንም ሆነ በየሆቴሉና በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ የተሰቀሉትን፣ ረጋ ብሎ አከታትሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሕንፃዎቹ ሁሉ ስም አላቸው፤ ሰዎቹ ግን የላቸውም። ከሥዕሉ ግርጌ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ ጊዮርጊስ ተብሎ ይጻፋል። ከቤተ ጊዮርጊስ ግድግዳ ሥር ጧፍ ይዘው የሚጸልዩት አሮጊት ግን «ምእመን» ናቸው፤ ወይም «ተሳላሚ» ናቸው፤ ሲብስም «ጥንታዊት ኢትዮጵያ» ይባላሉ። ዓለቱ በስሙ ተጠርቶ ሰው ሳይጠራ የሚቀርበትን ይህን ልማድ እንደ ተራ የመግለጫ ጽሑፍ ጉድለት ቈጥሮ ማለፍ ይቻል ይሆናል። እኔ በበኩሌ በዚህ ሂስ ላሳይ የምሞክረው ጉድለቱ የአርታዒው ብቻ ሳይሆን የጥበቡ መሆኑን፣ ይኸውም የላስታ ሕዝብ ለካሜራ፣ ለድሮንና ለመሳሰሉት አዳዲስ መሣሪያዎች ከሚያሳየው ፍርሃት ጋር በቀጥታ የተያያዘ መሆኑን ነው።

ፍርሃቱ መኖሩን የሚክድ የለም። ካሜራ ሲነጣጠር ፊት ይዞራል፤ ሕፃን ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ይሸሸጋል፤ ከሰማይ የማያውቁት ድምፅ ሲሰማ ጨዋታው ቆሞ ሁሉም ሽቅብ ያንጋጥጣል፤ መዝጋቢው «ዐይንዎን እዚህ ላይ ያድርጉ» ሲላቸው ሽማግሌው ወደ ኋላ ብለው ሌላውን ያስቀድማሉ። እኛ የተማርነው ደግሞ ለዚህ ሁሉ አንድ ዝግጁ መልስ አለን፤ የንቃት ማነስ ነው እንላለን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስልክ ሲገባ ካህናቱ «የሰይጣን ድምፅ ነው» አሉ የሚለውን ወግ ያልሰማ ተማሪ የለም። እኔም በመምህርነት ዘመኔ ወጉን ደጋግሜ ተናግሬ ክፍሉን አሥቄአለሁ። አሁን ሳስበው ሣቁ ጥያቄውን ከመስማት አዳነን እንጂ አላስተማረንም። በገመዱ መሐል ሌላ ጆሮ አለ ወይ ብሎ መጠርጠር አጉል እምነት አልነበረም። በስልክ አገናኞች አማካይነት ይነጋገር በነበረበት ዘመን የኖረ ሁሉ ጆሮው እንደ ነበረ፣ ጆሮው ብቻም ሳይሆን ምላስም እንደ ነበረው ያውቃል።

ከጦርነቱ በፊት በአንድ የገና ዋዜማ በላሊበላ ያየሁትን ልንገር። ከየአውራጃው በእግሩ የመጣው ሕዝብ ከቤተ ማርያም ዙሪያ እስከ ማሜ ጋራ አፋፍ ድረስ ተዘርግቶ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ፣ ጨዋና ትሑት ልጅ፣ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያ ወደሚቆጥሩ አንዲት መነኵሲት ቀረበና ካሜራውን ከፍ አደረገ። መነኵሲቷ የነጠላቸውን ጫፍ እስከ ዐይናቸው ድረስ ሳቡት።

«እማሆይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወደዚህ ይዩልኝ» አላቸው።

«ወዴት ትወስደዋለህ ልጄ?»

«ለኤግዚቢሽን ነው እማሆይ። አዲስ አበባ ለሕዝብ ይታያል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ… በኢንተርኔት ይወጣል። ዓለም ያየዋል።»

«ከዚያስ?»

ወጣቱ መልስ አልነበረውም። መነኵሲቷ ጥቂት አዘኑለት መሰለኝ፣ «በል የተሸፈነችውን ውሰዳት፤ እሷ ፊት የላትም» አሉት። ልጁም ተሸፍነው አነሣቸው። ሥዕሉን በኋላ አይቼዋለሁ፤ ከዚያን ቀን ሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው።

ከዚህ ጭውውት ልብ ሊባል የሚገባው እማሆይ ያልጠየቁት ጥያቄ ነው። «ነፍሴን ይወስድብኛል ወይ?» አላሉም። ካሜራ ነፍስ ይነጥቃል ብሎ የሚፈራ ያልሠለጠነ ሕዝብ የሚባለው ነገር በመንገደኞች መጻሕፍት እንጂ በላስታ አፍ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። የእርሳቸው ጥያቄ ምስሉ ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ከማን እጅ ይገባል፣ ከዚያስ ከማን ይተላለፋል የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ በዛሬ ዘመን በየአገሩ ሸንጎ ሊቃውንት ስለ ዳታ ሲከራከሩ ከሚያነሡት ጥያቄ በምን ያንሳል?

የደጋው ሕዝብ የሰው ምስል ጠላት አለመሆኑን ለማወቅ ወደ ራሱ ሥዕል መመልከት ይበቃል። በሥዕላችን ትውፊት ሥዕሉን ያሣለው ሰው ራሱም ይሣላል፤ ከእመቤታችን ወይም ከቅዱሱ እግር ሥር ተደፍቶ፣ ስሙም ከጎኑ ተጽፎ ይታያል። በጣና ደሴት በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉበት ሥዕል ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። እቴጌነት ላልደረሳቸውም ልማዱ ያው ነው፤ ባላገሩም ካህኑም ከነስማቸው ይሣሉ ነበር። በዚህ ሥርዐት ባለ ምስሉ ራሱ ፈቅዶ፣ ከፍሎ፣ ስሙን ሰጥቶ፣ የሚቀመጥበትን ቦታም ዐውቆ ነው። «ወዴት ትወስደዋለህ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከግድግዳው ላይ ነው፤ ሥዕሉ ከዚያ አይወጣም፤ የሚያየውም ሰው ለጸሎት የመጣ ነው።

ከዚህ ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። በዚሁ ትውፊት የጻድቃን ፊት በሁለት ዐይን፣ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ይሁዳና አይሁድ፣ ሰይጣንና ሠራዊቱ ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን። ፎቶ አንሺው በረጅም ሌንስ ከሩቅ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ፣ ከጎን የሚያነሣው ሥዕል በፈረንጅ አድናቆት «ተፈጥሯዊ» ይባል ይሆናል። በእኛ የሥዕል ቋንቋ ለሚያነብ ግን ያችን አሮጊት ከኵነኔው ወገን አሰልፏታል። ፎቶ አንሺዎቻችን የሌንስ ዐይነት ሲመርጡ የሥነ ሥዕልን ሰዋስው ጭምር እየመረጡ መሆናቸውን ያስተውላሉ ብዬ አልገምትም። በክፍል ውስጥም አላስተማርናቸውም።

የአማርኛ ቃል ራሱ ብዙ ይናገራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ስለ ግል ሕይወት መከበር ይደነግጋል፤ የዛሬ ጸሐፍትም «ግላዊነት» የሚል ቃል አውጥተዋል። ቃሉ ደኅና ነው፤ ዳሩ ግን ከቢሮ የወጣ ቃል ነው። የሕዝቡ ቃል «ገመና» ነው። ገመና የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የቤት ነው፣ የዘመድ ነው፣ የጎረቤትም ነው። ጎረቤት ገመናዬን ያውቃል፤ ዐውቆ ይከታል። የሚያስነውረው ማወቁ ሳይሆን ከጓዳ ወደ አደባባይ ማውጣቱ ነው። ስለዚህ የላስታ ሰው «ማንም ስለ እኔ ምንም አይወቅ» አይልም። አርባ ሰው በሚያውቀው የጽዋ ማኅበር፣ ክፉውንም ደጉንም በሚሰሙ የንስሐ አባት ፊት የሚኖር ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። የሚለው «ያወቀኝ ሰው እኔም ልወቀው» ነው። የነጠላው አጣጣልም የዚህ ቋንቋ ክፍል ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደሚጣፋ፣ ለለቅሶ ጥለቱ ወዴት እንደሚዞር፣ ከማያውቁት ሰው ፊት ጫፉ እስከ የት እንደሚሳብ ሕግ አለው። ፊት የሚሸፈነው ፊት ክቡር ስለሆነ ነው።

በቤተ ማርያም መካከል ከላይ እስከ ታች በጨርቅ የተጠቀለለ ዓምድ አለ፤ አምደ ብርሃን ይሉታል። እንደ አፈ ታሪኩ ያለፈውም የሚመጣውም ተጽፎበታል። አስጐብኚዎች ለቱሪስት የሚነግሩት ስለ ጽሕፈቱ ነው፤ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ጨርቁ ነው። ስለ ሰው ሁሉ ሁሉን የሚናገር መዝገብ በመካከሌ አለ ብሎ ያመነ ሕዝብ፣ መዝገቡን ሳያጠፋው፣ ሳያነበውም፣ ሸፍኖ አኖረው። አምሳያውን ዛሬ በየአገሩ በተተከሉ የመረጃ ቋቶች ዘንድ ፈልጌ አጥቻለሁ፤ እነርሱ ሠርተው የጨረሱት ዓምዱን ብቻ ነው።

ይሁንና ሂሴ ከዚህ ላይ ቢቆም ሐሰት ይሆናል። ወሎ ባልተጠየቀ ምስል የዳነ አገር ነውና።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በረኃብ ሲያልቅ የጊዜው መንግሥት እልቂቱን ሸሸገ። የሸሸገበትም ምክንያት፣ በእኛው ቃል ለመናገር፣ «የአገር ገመና አይውጣ» የሚል ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያዘጋጀው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ዐወቀ። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተሰናስሎ በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ከአሥር ዓመት በኋላ ታሪኩ ተደገመ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር ስለ ረኃቡ ብዙ አይወራም ነበር። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚንና ጋዜጠኛው ማይክል ቢዩርክ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከቆረም የላኩት ምስል በቢ.ቢ.ሲ. ታየና የዓለምን ሕዝብ አነቃነቀ።

በቆረም ሜዳ ላይ ወድቀው ከነበሩት ሰዎች ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም፤ ሊጠየቅም አይቻልም ነበር። ያን ጊዜ ነጠላ ይከደን፣ ካሜራ ይመለስ ብሎ የሚከራከር ሰው ለሟቹ ሳይሆን ለገዳዩ ይከራከር ነበር። ስለዚህ «ገመና» የሚለው ቃል ሁለት ስለት እንዳለው ማወቅ ይገባል። ሕዝቡ በገመናው ክብሩን ይሸፍናል፤ ገዥ በሕዝቡ ገመና ጥፋቱን ይሸፍናል። ይህን ልዩነት ሳይለይ ስለ ግል ሕይወት መከበር የሚጽፍ ሰው፣ ሳያውቀው የ1966ቱን ሸሻጊዎች ወገን ይሆናል።

ታዲያ ዕዳው ተከፍሏል ማለት ነው? ለእኔ አልተከፈለም። አደጋው ምስሉን ማንሣትን ይፈቅዳል፤ አደጋው ካለፈ በኋላ ያንኑ ምስል አርባ ዓመት ይዞ መቀመጥን ግን አይፈቅድም። እነዚያ ፊቶች ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ በተባለች ቍጥር እየተነሡ፣ ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለልመና ፖስተር፣ ለቀልድም ሳይቀር ውለዋል። ከአልቃሾቹ መካከል የዳኑት ኋላ አገግመው፣ አርሰው፣ ልጅ ድረው፣ ዕድር ገብተው ኖረዋል፤ ምስላቸው ግን እየተራበ ነው። ስማቸውን ለመጻፍ በዚያን ቀን አንድ እርሳስና አንድ ቁራጭ ወረቀት ይበቃ ነበር። ስም ቢጻፍ ኖሮ በኋላ የሚጠየቅ፣ የሚመልስ፣ «ይበቃል አውርዱልኝ» የሚል ባለቤት ይኖር ነበር።

በዚህ ረገድ የአይዳ ሙሉነህን ሥራ ማንሣት ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው ይህች ከያኒ በ2020 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል የሰላም ማእከል ረኃብ እንደ ጦር መሣሪያ ስለሚውልበት ሁኔታ እንድትሠራ ጋበዛት። የተራበ ሰው ፊት ፍለጋ አልሄደችም። ፊታቸውን በቀለም ያስዋቡ፣ ለምን እንደቆሙ የሚያውቁ፣ ሌንሱን ፊት ለፊት የሚመለከቱ ሴቶችን አቁማ ሐሳቡን በቅርፅና በቀለም ገለጸችው። ሥራዎቿ አንዳንዴ ከመጠን በላይ የተሰናዱ፣ ከአፈሩ የራቁ ናቸው የሚሉ አሉ፤ ነቀፌታው ጨርሶ ስሕተት አይደለም፤ የቀለሙ ውበት ሕመሙን የሚያለሰልስበት ጊዜ አለ። ዳሩ ግን የእማሆይን ጥያቄ ብትጠየቅ መልስ የሚኖራት ከያኒት ናት። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ ሕጉ እንመለስ። ይህን ፍርሃት የደጋ ገበሬ ብቻ የፈራው የሚመስላቸው ካሉ የዚህን መብት አመጣጥ ይመርምሩ። እ.ኤ.አ. በ1888 ኮዳክ የተባለው በእጅ የሚያዝ ካሜራ በአሜሪካ ለገበያ ወጣ። በ1890 (እ.ኤ.አ.) ሁለት የቦስተን ጠበቆች፣ ሳሙኤል ዋረንና ሉዊስ ብራንዳይስ፣ ቅጽበታዊ ፎቶግራፍና ጋዜጣ የቤትን ጓዳ ጥሰው ገቡ ብለው የታወቀውን ጽሑፋቸውን በሐርቫርድ የሕግ መጽሔት አሳተሙ። በቦስተን ሲፈራ የሕግ ፍልስፍና ተባለ፤ በላስታ ሲፈራ የንቃት ማነስ ተባለ። የእኛም ሕግ ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስንት ፎቶ አንሺ፣ ስንት የመጽሔት አርታዒ ይህን አንቀጽ ያውቃል? መነኵሲቷ በነጠላቸው ያስከበሩት ሕግ ከስድሳ ዓመት በላይ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ የኖረ ሕግ ነው።

ርግጥ ነው፣ አንቀጽ 28 በሩን ጥቂት ይከፍታል፤ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጥቅም፣ እንዲሁም በሕዝብ ፊት ከሚደረግ ሥነ ሥርዐት ጋር ለተያያዘ ምስል ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ገና በማሜ ጋራ የአደባባይ በዓል ነው፤ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው «ቤዛ ኵሉ» ሲያሸበሽቡ የሚያነሣቸውን ሰው ማንም አይነቅፈውም። የእኔ ንባብ ግን ይህ ነው፤ አንቀጹ በዓሉን ይሰጠናል እንጂ በበዓሉ መካከል በእንባ የምትጸልይን አንዲት ሴት ለብቻዋ ነጥለን እንድንሸጣት አይሰጠንም። ጠበቆች ቢከራከሩበት እወዳለሁ።

ካሜራው በእጅ እያለ ቢያንስ ያዡ ይታይ ነበር፤ ሊጠየቅ፣ ሊገሠጽ፣ ሊመለስም ይቻል ነበር። ድሮን ግን ያዡን ሰወረ። ዓለቱን በመለካት ረገድ አዲስ መሣሪያ ያስገኘውን ጥቅም አልክድም፤ የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት ባለሙያዎች የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክተው ለጥበቃ ሥራ የሚሆን ሰነድ ሠርተዋል፤ ድንጋይ ሲለካ ገመናው አይወጣም። ከላይ ወደ ታች የተነሣው የቤተ ጊዮርጊስ ጣራ፣ መስቀል በመስቀል ውስጥ ሆኖ፣ ዓለም ያወቀው ምልክት ሆኗል። ይኸው የወፍ ዐይታ ግን በመንደሩ ላይ ሲዞር የክብ ድንጋይ ቤቶቹን ግቢ፣ የተሰጣውን እህል፣ ፀጕሯን የምትታጠብን ልጅ፣ የሚታመምን ሰው ሁሉ በአንድ ላይ ይሰበስባል። ላስታ ቤት ሲሠራ ከጎን ለሚመጣ ዐይን አጥር አበጀ፤ ከላይ የሚያይ እግዚአብሔር ብቻ ነው ብሎ ስለሚያምን ለሰማዩ አላጠረም።

ከዚያም ጦርነት መጣ። ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ላሊበላ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። በዚያ ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ድሮን የሚለው ቃል በገበሬው ዘንድ ሌላ ትርጕም አገኘ። ከሰማይ የሚያይ ነገር ያየውን ሊገድል እንደሚችል በጆሮውም በዐይኑም ያረጋገጠ ሰው፣ የሠርግ ወይም የቱሪዝም ድሮን ሲያንዣብብ ወደ ቤት ሲሮጥ «ይህማ ለፊልም ነው» ብሎ የሚሥቅበት ፎቶ አንሺ ገጥሞኛል። ይህ የጥበብ ሰው ሣቅ አይደለም።

ስለ ዲጂታል መታወቂያው ዐጠር አድርጌ ልናገር፤ ጉዳዩ የዚህ መጽሔት ዋና ርእስ አይደለምና። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ፋይዳ የጣት አሻራን፣ የዐይን ብሌንንና የፊትን ምስል ይመዘግባል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ስሙ በየጽሕፈት ቤቱ በተለያየ ፊደል የተጻፈ ገበሬ በአንድ ቍጥር ይታወቃል። የደብተራው ልብ ግን ዳዊት ሕዝቡን በቈጠረ ጊዜ የመጣውን መቅሠፍት ያስታውሳል፤ የገበሬውም ልብ መቈጠር ሁልጊዜ ከግብር ጋር ተያይዞ መምጣቱን አይረሳም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ የተነሣው መሬቴንና ምርቴን ማን ሊለካ ነው ብሎ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል ዳታ ጥበቃ ሕግ መውጣቱ መልካም ነው፤ ሕጉን ወደ ላስታ ገበያ ቋንቋ የተረጐመልኝ ካድሬ ወይም መምህር ግን እስካሁን አላየሁም። «የግል ዳታ» ብሎ ከመድረክ መናገር ቀላል ነው። «ገመናዎ የሚቀመጥበት ጓዳ ይህ ነው፣ ቍልፉ ከእገሌ ዘንድ ነው፣ ቢከፈት የሚጠየቀው እገሌ ነው» ማለት ግን ማወቅን ይጠይቃል።

ፍርሃቱ የገበሬ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት አንድ ጉዳይ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ በኮምፒዩተሬ ውስጥ የስለላ ፕሮግራም ተተክሎ የቤቴን ንግግር ሁሉ ሰልሎብኛል ሲል በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ክስ መሠረተ። ፍርድ ቤቱ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ አይደለምና ሥልጣን የለኝም ብሎ ክሱን ዘጋው። ሰውየው በፍርድ ቤት መዝገብ የገባው በእውነተኛ ስሙ ሳይሆን «ኪዳኔ» በሚል ስም ነበር። ኮምፒዩተር ያለው፣ ጠበቃ ያቆመ ሰው ነው፤ የሳበው ግን ያንኑ የነጠላ ጫፍ ነው።

ስለ ሌላው «ላሊበላ» ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። በሸዋም በወሎም ጎሕ ሳይቀድ ከየደጁ እየቆሙ የሚያዜሙት ላሊበሎች አስቀድመው ከጎረቤት ይጠይቃሉ፤ የባለቤቱ ስም ማን ነው፣ ሚስቱስ፣ ልጅ ስንት አለው፣ ሥራው ምንድን ነው ብለው። ያገኙትን በዜማ ሠክተው ባለቤቱን በስሙ እየጠሩ ይመርቁታል፤ ካልሰጠም በነገር ይወጉታል። እነሆ መረጃ ሰብሳቢዎች! ባለቤቱ ሳያውቅ ጎረቤቱን ጠይቀዋል፤ ገመናውንም ለጥቅም አውለዋል። ይሁንና የሰበሰቡትን የሚናገሩት ለሌላ ሳይሆን ለራሱ ለባለቤቱ፣ ከራሱ ደጅ ቆመው ነው። ሲነጋ ይሄዳሉ፤ መዝገብ አይዙም። ሕዝቡ ለዘመናት የቻላቸውም፣ እያጉረመረመም ቢሆን፣ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የእነርሱን ጥበብ የሚያጠኑ ሰዎች ዜማውን ብቻ ሳይሆን ይህን የአሠራር ሥርዐት ቢያጤኑ ለዛሬው ክርክር ብዙ ስንቅ ያገኛሉ።

በመጨረሻ ስለማይናገሩት ልናገር። በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የብዙ ሰዎች ዐፅም አለ፤ በቤተ ጊዮርጊስም የግድግዳ ጕድጓድ ውስጥ እንዲሁ። ለመሳለም መጥተው በዚያ መቀበርን የመረጡ ናቸው ይባላል። ወዴት እንደሚወሰዱ ዐውቀው፣ ያን ስፍራ ፈልገው የመጡ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ዛሬ የእግራቸው ጣትና የፊታቸው ቆዳ በየስልኩ ይነሣል፤ በጎብኚ አልበም ከማር ወለላና ከጠጅ ብርሌ ቀጥሎ ይለጠፋል። ይህን ሥዕል ያነሣ ኢትዮጵያዊ ፎቶ አንሺ ለኤግዚቢሽን ባቀረበ ጊዜ ከዳኞቹ አንዱ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ብርሃኑ ውብ ነበር። ነጥብ ሰጠሁት። ዛሬ ቢሆን አልሰጥም።

ለሚቀጥለው የገና ዐውደ ርእይ ፎቶግራፍ የሚሰበስቡ ባልንጀሮቼ መመዘኛውን እንዳሻሽል ጠይቀውኛል። ሦስት ነገር ጻፍኩ፤ ለብቻው በቅርብ የተነሣ ሰው ስም ከነፈቃዱ ይጻፍ፤ ስሙን ያልሰጠ እንዳልሰጠ ይጻፍ፤ የታተመው ፎቶግራፍ አንዱ ቅጂ ለባለ ምስሉ ይድረስ። ፎቶ አንሺዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አልተከራከሩም። በሦስተኛው ላይ ግን የወረቀቱን ዋጋ ማን ይከፍላል፣ ከቡግናና ከጊዳን በእግሩ መጥቶ በማግሥቱ የተመለሰ ሰውስ በምን አድራሻ ይገኛል ብለው ጠየቁኝ። አንዱ በየደብሩ አለቃ በኩል ይላክ አለ፤ ሌላው በየቀበሌው መምህራን እጅ ቢሆን ይሻላል አለ። ክርክሩ ገና አልተቋጨም።